አርብን ስጡኝ

«የት ትሄዳለች በዚህ ዝናብ? ዕረፍቷን እዚሁ ትረፈው።» ይህን ያለችው አሠሪዬ ማዳም ኢማን ናት፤ ያለችውም ለእህቷ በስልክ፣ በሶማልኛ ነው። ሶማልኛ የማልሰማ ይመስላታል። ስመጣ እውነትም አልሰማም ነበር፤ ግን ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲልጥ ጆሮው ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። የአርብ ቀሚሴን ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ጫማዬን ከውሃው ላተርፈው በፌስታል ይዤ ልወጣ ስል ነው የሰማኋት። ቀጥላ ደግሞ «እንዲያውም የሚተኮስ ልብስ ተከምሯል፤ እጇን አጣጥፋ ከምትውል» አለች። ለእሷ ዕረፍት ማለት ከመቀመጥ ወደ መቆም መሸጋገር ነው መሰለኝ። ጫማዬን ከነፌስታሉ ከጋዙ ሲሊንደር ጎን አስቀመጥኩትና ሽርጤን አሠርኩ።

በዚህ ቤት በወር አንድ አርብ አለኝ። ይህችኛዋ አርብ ደግሞ እንደ ሌሎቹ አልነበረችም። ወንድሜ ጀንበሬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በየሁለት ሳምንቱ እዚህ ከተማ ይገባል፤ እኔም እዚሁ ከተማ አለሁ፤ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን አንድ ቀን ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም። እሱ ሰኞ ሲገባ እኔ ዕቃ አጥባለሁ፤ የኔ አርብ ሲደርስ እሱ ጋላፊ ኬላ ላይ ወረፋ ይዞ ወይ ሚሌ ላይ ጎማ እየቀየረ ይደውልልኛል። «የት ነህ?» «ትናንት እኮ እዚያው ነበርኩ» እንባባላለን። ከዚያ የምንለው ይጠፋናል፤ የእናታችንን ጤንነት እንጠያየቅና ስልኩን እንዘጋለን። እንደዚህ እየሆነ ሲሄድ የገዛ ወንድሜን መልክ በድምፁ ብቻ ማሰብ ጀመርኩ፤ ይሄ ነገር ያስፈራኛል።

ሐሙስ ማታ ደወለና «ወደቡ ላይ ዝናብ ጀምሯል። ማዳበሪያ ደግሞ በዝናብ አይራገፍም፤ መርከቡ ዘግቶ ቆሟል። ነገ ሥራ የለኝም» አለኝ። ነገ ደግሞ የኔ አርብ። እኔና ጓደኞቼ አምስት ሆነን ካርቲየ ሦስት የሚባለው ሰፈር ውስጥ የተከራየናት አንዲት ክፍል አለች፤ ሁላችንም ሰው ቤት አዳሪዎች ስለሆንን የዕረፍት ቀን ሲደርሰን ብቻ ነው የምንከፍታት። እዚያ ልንገናኝ ተቀጣጠርን። እንግዲህ ዝናብ የሰጠኝን ቀን ማዳም በዚያው በዝናብ አሳብባ ወሰደችው። ለምን አልነገርሻትም ትሉኝ ይሆናል። ከኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ሦስት «ወንድሞች» ነበሯት፤ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ በር ላይ ይቆሙ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ወንድም የሚባል ነገር በዚህ ቤት አይታመንም፤ የሠራተኛ እንግዳም በዚህ በር አይገባም።

የጅቡቲ ሰው ዝናብ ሲያይ የሚሆነውን ብታዩ ትስቃላችሁ። በዚያ እሳት በሚመስል ሙቀት ትኩስ ሻይ የሚጠጣ ሕዝብ፣ ትንሽ ጠብ ጠብ ሲል በሩን ቆልፎ ዘመድ ለዘመድ ይደዋወላል። ደግሞ አይፈረድበትም፤ ከተማው ከባሕሩ እኩል የተኛ ሜዳ ነው፤ ውሃው መሄጃ ሲያጣ መንገዱ ላይ ይቀመጣል። በሳሎኑ መስኮት ሳይ መንገዳችን ጉልበት ድረስ ሞልቷል። አንድ ታክሲ መሃል ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ቆሟል፤ ሹፌሩ ጣሪያው ላይ ወጥቶ፣ ፌስታል ደፍቶ ስልክ ያወራል። ጫት የሚያመጣው አውሮፕላን አይመጣም ተብሎ ጎረቤት ያሉ ወንዶች ከየበረንዳቸው እየተጠራሩ ያማርራሉ። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ ክረምት ያሳደገኝ። የረጠበው አፈር ሽታ በመስኮቱ ሲገባ፣ ያን ያህል ተናድጄ እንኳ ደስ አለኝ። ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚሆኑ ያን ቀን አወቅኩ።

ካውያውን ሰክቼ ሦስተኛው ሸሚዝ ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ። ክሊማ የሚሉት አየር ማቀዝቀዣ አንዴ ተንጠራራና ዝም አለ። ቴሌቪዥኑም ጠፋ። ሰብሪና፣ የማዳም ልጅ፣ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ካርቱኗ መሃል ላይ ሲቋረጥባት ሰው የሞተባት ያህል አለቀሰች። ማዳም መኝታ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። እሷም ምስኪን ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውላ ያላት ቀን ይኼው አርብ ነው፤ ባሏ ለንግድ ዱባይ ከሄደ ወር አልፎታል። እኔ ከወጣሁ ልጇም አማቷም ምሳውም በእሷ ላይ ነው የሚወድቀው። ይህን አውቃለሁ፤ ብናደድም አውቃለሁ።

አማቷ እማማ ፋጤ ሳሎኑ ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈው መጅሊስ፣ ድሪያቸውን ለብሰው፣ ትራስ ተደግፈው ነው የሚውሉት። ጉልበታቸው አይታዘዛቸውም። ድሬዳዋ ተወልደው ድሬዳዋ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ልጃቸው ነው ያመጣቸው። በዚህ ቤት ከኔ ጋር አማርኛ የሚያወሩት እሳቸው ናቸው፤ ሰብሪናም ከእሳቸው ለምዳለች። «እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ አንቺ በይኝ አቦ፣ አታስረጂኝ» ይሉኛል፤ እኔ ግን አፌ እሺ አይለኝም።

«ነይ እዚህ» አሏት ሰብሪናን። «እኛ ልጅ ሆነን ቴሌቪዥን የት ነበር? እንቆቅልሽ?»

ሰብሪና አፍንጫዋን ጠረገች። እኔ ከካውያው ጠረጴዛ ቆሜ፣ ሳላስበው «ምን አውቅልሽ?» አልኩ። እማማ ፋጤ ዞረው አዩኝ፤ ሳቃቸው መጣ። እንዲህ አንቺ ማለት ለካ ይቻለኛል።

«ሁለት ወንድማማቾች ናቸው» አሉ። «ከድሬ እስከ ጅቡቲ አብረው ይመጣሉ፤ አንድ ቀን ተነካክተው አያውቁም።»

ወንድም ሲሉ ልቤ ወደ ጀንበሬ ሄደ። ጥላና ሰው አልኩ፣ ፀሐይና ጨረቃ አልኩ፣ የማይሆን ነገር ቀባጠርኩ። «አገር ስጪኝ» አሉ እማማ ፋጤ። ሰብሪና ማልቀሷን ትታ ምን አገር እንደሆነ ጠየቀች፤ አያቷም አስረዷት፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል፣ ያሸነፈ እዚያ አገር ሄዶ የተደረገለትን ይናገራል፣ የተሸነፈውን ይሰድባል፣ ከዚያ መልሱን ይነግራል። እንደሚወዷት ስለማውቅ ሐረርን ሰጠኋቸው።

«ሐረር ሄጄ ምን አጥቼ» ብለው ጀመሩ፤ ድምፃቸው ሁሉ ተለወጠ። «ማንጎ ተልጦ ቀርቦልኝ፣ የግመል ወተት በጣሳ ተሞልቶልኝ፣ ሙሽራ መስዬ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንዲት ከሲታ በር ላይ ቆማ አየሁ። ማናት ብል ደብሪቱ ናት አሉኝ። የማንጎውን ፍሬ ወርውሩላት፣ ትላሰው አልኩ።» ደብሪቱ እኔ ነኝ። መልሱ የባቡር ሐዲድ ነበር። አዲሱ ሐዲድ ያን ጊዜ ገና እየተነጠፈ ነበር፤ እሳቸው ያሉት ግን የድሮውን፣ አባታቸው የሠሩበትን ነው። ሰብሪና «የማንጎውን ፍሬ!» እያለች ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች። እኔም ሸሚዙን አስቀምጬ ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ። ካውያው እንደሆነ ቀዝቅዟል።

ከዚያ ወዲያ አገር በአገር ሆንን። «ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያንኮራፋል፤ ሲያንኮራፋ ቤቱ ይተኛል፣ ሲነቃ ቤቱ ይነቃል» ብዬ ጠየቅኩ፤ እማማ ፋጤ ሲቸገሩ ሰብሪና ወደ ክሊማው በጣቷ ጠቆመችና እንደ አዋቂ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። እኔ ደሴን፣ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርን አስረከብኩ። እማማ ፋጤ ጅዳን ሰጡኝ፣ ፓሪስን ሰጡኝ፣ አዲስ አበባን ያለ ጭቅጭቅ ሰጡኝ። ድሬዳዋን ስጠይቃቸው ግን «ድሬን? ድሬን አልሰጥም። ሌላ ጥሪ» ይላሉ፤ እኔም ሌላ እጠራለሁ። ፓሪስ ሄጄ ምን አጥቼ ብዬ፣ ሽቶ በባልዲ ታጥቤ፣ እማማ ፋጤን ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ካቆምኳቸው በኋላ ሰብሪና ሆዷን ይዛ «በቃ፣ በቃ» አለች። ያ ቤት እኔ ከገባሁበት ጀምሮ እንደዚያ ተስቆበት አያውቅም።

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ጀንበሬ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እየመጣሁ ነው፣ ትንሽ ቆይ» አልኩት፤ ዋሸሁ። «ክፍላችሁ በር ላይ ነኝ» አለኝ። «ተሳቢውን ፈትቼ ጭንቅላቱን ብቻ ነው ይዤ የመጣሁት። ግን ዝናቡ ካቆመ ማራገፍ ይጀምራሉ፤ ወረፋዬ ካለፈኝ አለቃዬ ይበላኛል።» በመስኮቱ ወደ ሰማዩ አየሁ። ያን ሰዓት መላው ጅቡቲ ዝናቡ እንዲያቆም ሲለምን፣ አንድ እኔ ብቻ እንዳያቆም እለምን ነበር። የማን ልመና እንደሚሰማ እንጃ።

ስልኩን ስዘጋ ማዳም ኢማን በሩ ላይ ቆማለች። የእሷ ስልክ ባትሪ አልቆ ነው መሰለኝ የወጣችው። «ልብሱስ?» አለች በአማርኛ፤ ስትፈልግ ትችላለች። መብራት የለም አልኳት። ክምሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንጣፉ ላይ መቀመጤን አየች። እማማ ፋጤ «አቦ ተያት፣ ነይ ተቀመጪ» አሏት። አልተቀመጠችም፤ አልሄደችምም። እጇን አጣምራ የበሩን ጉበን ተደግፋ ቀረች።

ተራው የኔ ነበር። የሚተኮሰውን ልብስ አሻግሬ ሳየው፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ነገር መጣልኝ።

«እንቆቅልሽ?»

«ምን አውቅልሽ?» አሉ እማማ ፋጤ።

«አሮጊት ይሰጡኛል፣ ኮረዳ አድርጌ እመልሳለሁ። ሆዴ ይቃጠላል እንጂ አልበላም።»

እማማ ፋጤ ዓይናቸው በራ። «ሂና» አሉ። አይደለም። «ሳሙና።» አይደለም። «እንዲህ ያለ ሐኪም ካለ አድራሻውን ስጪኝ» አሉና ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። ሰብሪናም ሞክራ አቃታት። በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉ። «እሺ፣ አላወቅኩም። ድሬን ብቻ እንዳትይኝ።»

«ድሬን አይደለም» አልኩ። «አገርም አልፈልግም። አርብን ስጡኝ። የዛሬዋን።»

ሰብሪና «አርብ እኮ አገር አይደለም» አለች። እማማ ፋጤ እኔን ትተው በሩ ላይ የቆመችውን ምራታቸውን ረጅም ጊዜ አዩ። ለካ የጠዋቱን ስልክ እሳቸውም ሰምተውታል፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የሰማሁትን እሳቸው መጅሊስ ላይ ሆነው። ከዚያ «ያላወቀ የተጠየቀውን ይሰጣል። ውሰጂ፣ አርብን ሰጥቼሻለሁ» አሉ። «ንገሪን እንግዲህ፣ ሄደሽ ምን አገኘሽ?»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። መጠየቁን እንጂ፣ ሲሰጡኝ መናገር እንዳለብኝ ረስቼዋለሁ። ማዳም ቆማለች። ተመልሼ መዋሸት አልቻልኩም፤ የጨዋታው ሕግ ነው።

«አርብ ሄጄ ምን አጥቼ» አልኩ። «አርብ ሄጄ ወንድሜን አግኝቼ። ሁለት ዓመት በስልክ የሰማሁትን ሰውዬ ፊቱን አይቼ። ከስቶ እንደሆነ ከስተሃል ብዬ፣ ወፍሮ እንደሆነ ወፍረሃል ብዬ። እናታችን የላከችልኝን በሶ ከእጁ ተቀብዬ። ሳንቸኩል፣ ስልክ ሳንዘጋ፣ ዝም ብለን አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን…» እዚህ ላይ መሳደብ ነበረብኝ። ያ ሁሉ ስድብ ወዴት እንደገባ እንጃ፣ አንድም አልመጣልኝም። «እማማ ፋጤን በር ላይ ቆመው አይቼ፣ ግቡ ብዬ፣ ከጎኔ አስቀምጬ» አልኩና ጨረስኩ። መልሱን ልናገር ስል ሰብሪና ቀደመችኝ፤ ልብሱን እያየች «ካውያ!» ብላ ጮኸች።

ማዳም ኢማንም ክምሩን አየች። «ወንድም?» አለች በመጨረሻ፤ እንደ ቀድሞዋ ሠራተኛ ዓይነት ወንድም መሆኑን ልትጠይቅ ፈልጋ እንደተወችው ገባኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?» መልሱን እሷም ታውቀዋለች። እማማ ፋጤ «ሰጥቻለሁ፤ የተሰጠ አገር አይመለስም» አሉ። «እሺ፣ ማን ከለከላት» አለች ማዳም፤ «ግን በምን ትሄዳለች?» ሁላችንም ወደ መስኮቱ ሄድን። ውሃው ከጠዋቱ ጨምሯል፤ የታክሲው ሹፌር አሁንም ጣሪያው ላይ ነው። አርቤን አግኝቼ መውጫ አጣሁ። ለጀንበሬ ደውዬ እንዲህ ሆንኩ ስለው «ቤቱን ንገሪኝ» አለ። ማዳምን አየኋት። የሠራተኛ እንግዳ በዚህ በር አይገባም።

«ንገሪው» አሉ እማማ ፋጤ። «የኔ እንግዳ ነው።» ማዳም የአጥሩን በር ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አንስታ ሰጠችኝ።

ጀንበሬ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጣ። ያ ትልቅ መኪና ያለ ተሳቢው፣ ራሱን ብቻ፣ ማዕበል እየሠራ በመንገዳችን ገባ። የታክሲውን ሹፌር ከጣሪያው አወረደው፣ መኪናውን በገመድ ጎትቶ ደረቅ ቦታ አወጣለት፤ የጫት አውሮፕላን የቀረባቸው ወንዶች ሌላ ወሬ አጥተው ነበርና አጨበጨቡለት። ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ባዶ እግሩን፣ በሶውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ታቅፎ ሳሎን ገባ። ተቃቅፈን ቆየንና ስንላቀቅ፣ እንደ ስልኩ ሁሉ የምንለው ጠፋን። «ጠቁረሃል» አልኩት። «አንቺ ወፍረሻል» አለኝ፤ ወፍሬ አይደለም፣ ለወጉ ነው። ሲስቅ የፊት ጥርሱ ክፍተት ታየ፤ የኔም እንደዚያው ነው። እማማ ፋጤ እሱንም እኔንም አፈራርቀው አዩና «ይሄስ ወንድም ነው» አሉ። ማዳም ኢማን አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

ሰብሪና እፎይ እንኳ ሳይል በእንቆቅልሽ ያዘችው። ሁለቴ ጠየቀችው፣ ሁለቴም አላወቀም። መጀመሪያ ጋላፊን ሰጣት። «ጋላፊ ምን አለ?» አለችው። «አቧራና ወረፋ።» «አልፈልግም።» በሁለተኛው ሚሌን ሰጣት፤ እሱንም አልወደደችውም። «እኔ ያለኝ አገር ጎማ የፈነዳብኝ ነው፤ ከየት ላምጣ?» አለ፤ እማማ ፋጤ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ትከሻው ትከሻዬን ይነካል፤ የናፍጣና የዝናብ ሽታ አለው። እንዲህ ተቀምጦ መዋል ብቻ ነበር የፈለግኩት።

«ኢማን፣ ለእንግዳው ሻይ» አሉ እማማ ፋጤ። ከልማድ የተነሳ ብድግ ስል ቀሚሴ ወደ ኋላ ጎተተኝ፤ ጫፉን ይዘውታል። «ቁጭ በይ። አርብሽ ነው።» ማዳም ኢማን አማቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገባች። የክብሪት ድምፅ ሰማን፣ የቁም ሳጥን መከፈትና መዘጋት ሰማን፣ አንድ ነገር ወድቆ ተንከባለለ። «ስኳሩ የት ነው?» አለች ከዚያው። ልነሳ ስል ቀሚሴ አሁንም እንደተያዘ ነው። «ነገ ትነግርሻለች» አሉ እማማ ፋጤ፤ የሰብሪናን ፀጉር እየዳበሱ፣ እንደ ተራ ነገር።

ማዳም ሻዩን በትሪ አድርጋ መጣች፤ ስኳር የለም። ለሁላችንም አደለች፤ ለኔም። ከዚያ ከመጣሁ ጀምሮ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ምንጣፉ ላይ ከፊት ለፊቴ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች።

«እንቆቅልሽ?» አለችኝ።

«ምን አውቅልሽ?»

«ቤቱ የኔ፣ ዕቃው የኔ። እኔ ፈልጌ የማላገኘው፣ ደብሪቱ ዓይኗን ጨፍና የምታገኘው።»

ስኳሩ የት እንዳለ አውቃለሁ። ከሩዙ ጀርባ፣ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ሰብሪና እንዳትጨርሰው የደበቅኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ያዩኛል። ብናገር ተነስቼ ማምጣቴ ነው።

«አላወቅኩትም» አልኩ።

«አገር ስጪኝ።»

«ጋላፊን።»

ጀንበሬ የጎረሰውን ሻይ ሊተፋው ነበር። ማዳም ኢማን ብርጭቆዋን አነሳች፣ አንድ ጊዜ ቀመሰች፣ ፊቷን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደደች፤ ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ልክ እንደ አማቷ ድምፅዋን አስረዝማ ጀመረች።

«ጋላፊ ሄጄ ምን አጥቼ» አለች፤ «ስኳር አጥቼ።»